ከውስጥ የሚያንኳኳው

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሚልክያስ ደረት ውስጥ ሰው አንኳኳ።

ሦስት ጊዜ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ጨዋ ሰው በሰው ደጅ ቆሞ የሚታገሠውን ያህል ታግሦ እንደገና ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ሚልክያስ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ፣ መስታወቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ ጢሙን ይላጭ ነበር። ምላጩን ከጉንጩ አነሳና ወደ ደረቱ ተመለከተ። ካናቴራው ከውስጥ ገፋ እየተደረገ ይመለሳል።

"ማነው? ግቡ፣ ክፍት ነው!" አሉ የግቢው ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ከጓዳ ሆነው። መልስ ሲያጡ ነጠላቸውን ደርበው ወጡና የግቢውን በር ከፈቱ። ግራ ቀኙን አዩ። ማንም የለም።

"ሰው አንኳኳ አይደል እንዴ?"

"አዎ እትዬ።"

"የታለ ታዲያ?"

"ሄዷል መሰለኝ" አለ ሚልክያስ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ ጫን አድርጎ። ከመዳፉ ሥር በእርጋታ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሚልክያስ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከወላይታ ሶዶ አዲስ አበባ ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሲመጣ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ፣ ሰርተፍኬቱን በላስቲክ አስለብጦ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ አጥቶ ከቆየ በኋላ መብራት ሊሠራላቸው የሄደ አንድ ሰውዬ ከመብራቱ ሌላ ነገር ጠየቁት። ሲጠይቁት ትሑት ነበሩ። እንዲህ ተጀመረ። አሁን ከወንዶች ጋር የሚተኛው ተከፍሎት ነው፤ ሥራውን እሱም ሆነ ጓደኞቹ "ቢዝነስ" ይሉታል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የምሳ ሰዓት ሰዎች ናቸው፤ ማታ ማታ ሚስትና ልጆች ይጠብቋቸዋል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፔንሲዮን ይገቡና ከስምንት ሰዓት በፊት መሥሪያ ቤታቸው ይገኛሉ። ሚልክያስ ሰዓት አክባሪነታቸውን ይወድላቸው ነበር።

ክፍሉን የሚጋራው ነስሩ ይባላል። ከከሚሴ የመጣ፣ በዕድሜ ሦስት ዓመት የሚበልጠው፣ በዚያው ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ነስሩ ራሱን "ዜጋ" ብሎ ይጠራል። ወንድን የሚወዱ ወንዶች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል ነው፤ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብለው ቢናገሩት ማንንም አያስደነግጥም።

"እኔ ዜጋ ነኝ" ይላል ነስሩ፣ ድንች እየላጠ። "አንተስ?"

"እኔ ሠራተኛ ነኝ" ይላል ሚልክያስ።

ይህ መልስ አምስት ዓመት አገልግሏል። ሚልክያስ በልቡ መስመር አስምሮ ነበር። ከመስመሩ ወዲያ ሥራው አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ እሱ አለ። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ሶዶ ተመልሶ፣ እናቱ ያየችለትን ልጅ አግብቶ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ይከፍታል። ነስሩ ድንቹ ላይ ሲያቀረቅር፣ እሱ ማጅራቱን አይቶ ዓይኑን ለምን ቶሎ እንደሚያነሳ፣ ይህም ነገር ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንደሚውል ግን አያውቅም ነበር። ራሱን ጠይቆም አያውቅም።

ያን ዕለት ለሥራ ሲወጣ ታክሲ ተሳፈረ። ሁለት ፌርማታ ሳይሄዱ ተንኳኳ። "ወራጅ አለ!" አለ ረዳቱ። ሾፌሩ ዳር ያዘ። የወረደ የለም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተያየ። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ተንኳኳ። ቆሙ። አሁንም የወረደ የለም። በሦስተኛው ጊዜ፣ ዘንቢል የታቀፉ አንዲት እናት "ኧረ ወራጁ ይውረድ፣ ሰው አታንገላቱ" አሉ። ሚልክያስ ይቅርታ ጠይቆ ወረደና የቀረውን በእግሩ ሄደ።

የዚያ ቀን ደንበኛው ኢንጂነሩ ነበሩ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን አጣጥፈው ጫማው ውስጥ እንደከተቱ ተንኳኳ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ለማን ተናግረሃል?"

"ለማንም።"

"በሩን ማነው የሚያንኳኳው ታዲያ?"

"በሩ አይደለም። ከእኔ ነው።"

ኢንጂነሩ ቀረብ ብለው ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ። ግድግዳ ውስጥ የሚፈስ ቧንቧ እንደሚፈልግ ባለሙያ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ።

"ስንት ቀኑ ነው?"

"ዛሬ ነው የጀመረው።"

"የእኔ በሃያ አራት ዓመቴ ነበር" አሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው። "መጀመሪያ ያንኳኳል። ከዚያ ይቧጭራል። አንድ ዓመት ገደማ ቧጨረ። ከዚያ ትዳር ስይዝ ተወኝ።"

"ጥሩ ነዋ።"

ኢንጂነሩ ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው በመሐል ጣታቸው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉት። እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ቆየ።

"ሴት ልጄን ስድር ሰው ሁሉ አለቀሰ" አሉ። "እኔ እንዳላሳፍራት ሽንኩርት በመሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።"

ካልሲያቸውን ከጫማው አውጥተው አደረጉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሚልክያስ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። በተቀመጠበት ሁሉ ሰው በር ሊከፍት ይነሳል። ባንክ ቤት ዘበኛው ተነሳ። ምሳ ቤት አስተናጋጇ ሳህን እንደያዘች ተነሳች። ስለዚህ መሄድ ጀመረ። ጠዋት ይወጣና ከሳሪስ ጎተራ፣ ከጎተራ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ በመጣበት ይመለሳል። ፈጠን ብሎ ከተራመደ ኳኳታው ከኮቴው ጋር ስለሚመሳሰል ማንም ልብ አይለውም። ሲቆም ግን ይሰማል። ለመሻገር መኪና ሲጠብቅ እንኳ ባለበት ይረግጥ ነበር።

እንቅልፍ ከተለየው ሰነባብቷል፤ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የተለየው ከኳኳታውም በፊት ነው። ምግብ አፉ ውስጥ ካርቶን ካርቶን ይለዋል። ደረቱን በፋሻ ጠቀለለው፤ ድምፁ ታፈነ እንጂ አልቆመም፣ እንዲያውም ልመና ልመና ይል ጀመር። አንድ ፓስተር ዘንድ ሄዶ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። እጃቸው እዚያ እስካለ ድረስ ደረቱ፣ አልጋ ሥር እንደተደበቀ ሰው፣ ትንፋሹን ያዘ። "ወጥቷል" አሉ ፓስተሩ። ሚልክያስ አመስግኖ ወጣ። ደረጃውን ሳይጨርስ ተንኳኳ።

በስምንተኛው ቀን መቧጨር ጀመረ።

ሚልክያስ ይህን የሰማው ልክ በእኩለ ቀን፣ ከቀለበት መንገዱ በላይ ባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ ነው። ቆመ። ብረቱን ይዞ ከታች የሚያልፉትን መኪኖች አየ። መውረድ አሰበ። ያሰበው በደረጃው አልነበረም። ሐሳቡም አላስደነገጠውም፤ ለብዙ ወራት ሰላምታ ሲለዋወጠው የኖረ፣ አንድ ቀን ቤት መግባቱ የታወቀ ጎረቤት መሰለው።

ያን ጊዜ ከደረቱ ውስጥ በሁለት እጅ፣ በቡጢ፣ ያለ ፋታ ይደበደብ ጀመር። ጥርሱ እርስ በርሱ ተጋጨ። ድልድዩ ላይ ካልሲ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ቀና አለች።

"ወንድሜ፣ የማን በር ነው እሱ?"

"የእኔ።"

"ክፈትለታ ታዲያ! ሰው እንዲህ የሚደበድበው ቢጨንቀው ነው።"

"አከፋፈቱን አላውቅም።"

ሴትየዋ ፊቱን አየችው፣ ብረቱን የያዘ እጁን አየችው፣ ከዚያ ካልሲዎቿን ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበች። "እዚህ ቁጭ በልና ለሚያውቅህ ሰው ደውል" አለችው። ተቀመጠና ለነስሩ ደወለ። ነስሩ እስኪደርስ ድረስ ሴትየዋ በአንድ እጇ የሚልክያስን ጃኬት ጫፍ ጨብጣ፣ በሌላው እጇ ካልሲ ስትሸጥ ቆየች።

ነስሩ ሲመጣ ትንፋሹ አጥሮ ነበር። አንድ እግሩ ላይ የእሱ፣ ሌላው ላይ የሚልክያስ ጫማ ነው።  ሴትየዋን አመስግኖ ሚልክያስን በክንዱ ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰደው።

የአእምሮ ጤና ክፍሉ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ነው። ሲስተር ውድነሽ ነጭ ጋውናቸው ላይ ሹራብ የደረቡ፣ ጥያቄ ሲጠይቁ ወረፋ የሚጠሩ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ነስሩ ውጭ ቀረ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ከውስጤ ሰው ያንኳኳል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ስምንት ቀኑ።"

"ትተኛለህ?"

"አልተኛም።"

"ትበላለህ?"

"ትንሽ።"

"ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?"

ሚልክያስ ወለሉን አየ። "ዛሬ" አለ።

ሲስተር ብዕራቸውን አስቀመጡ። ተነስተው መስኮቱን ዘጉ፤ ወደ ኮሪደሩ የሚያየውን በርም ቆለፉ። ሲመለሱ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ወዲህ ጎትተው አጠገቡ ተቀመጡ። ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆዩ።

"ሰው ነው" አሉ። "ጤነኛ ነው። ደክሞታል እንጂ።"

"የሚያስቆመው መድኃኒት አለ?"

"እንቅልፍ እንድትተኛ የሚረዳህ እሰጥሃለሁ። እሱን የሚያስቆም የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጥህም። ቤታችሁ በር ሲንኳኳ ምን ትላላችሁ?"

"ማነው እንላለን።"

"ብለኸዋል?"

"አላልኩም።"

"ለምን?"

"ሲስተር፣ እኔ የምሠራው ሥራ..." ብሎ ጀመረና ነገራቸው። ፔንሲዮኑን፣ የምሳ ሰዓቱን፣ ድልድዩን፣ ያልተናገረው አልቀረም። ሲስተር አላማተቡም። ወንበራቸውንም አላራቁም።

"ስለ ሥራህ ሌላ ቀን እንነጋገራለን" አሉ። "ምርመራም አለ፣ ይደረጋል። አሁን የጠየቅሁህ ግን ስለ ሥራህ አይደለም። ለምን ማነው አላልከውም ነው ያልኩህ።"

ሚልክያስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ይቧጭር የነበረው ዝም አለ፤ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

"ቢመልስልኝስ?"

"እ..." አሉ ሲስተር። "ይኸው ነው።"

"እርስዎ ይጠይቁልኝ።"

"ለእኔ አይመልስልኝም። ቤቱ የእኔ አይደለም።"

ለሚመጣው ረቡዕ ቀጠሮ ጻፉለት። ከዚያ በሩን ከፍተው ነስሩን ጠሩት። "እስከ ረቡዕ ለአንዲት ደቂቃ ብቻውን አይሁን" አሉት። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ "መንገድ ስትሻገሩም ከታች ተሻገሩ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ለቅሶ ሄደው ግቢው ባዶ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሚልክያስ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ክፍሉ አራት እርምጃ ነው። ነስሩ ከፍራሹ ዳር ተቀምጦ በዓይኑ ይከተለዋል።

"ያንተ አንኳኩቶ ያውቃል?" አለ ሚልክያስ፣ ሳይቆም።

"የእኔ በር ከመጀመሪያውም አልተዘጋም" አለ ነስሩ። "አባቴ ያባረረኝም ለዚሁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።" ወደ በሩ አየና "ብርድ ይገባል፣ በክፍት በር" አለ።

"አንዴ ማነው ካልኩት መልሶ መዝጋት ይቻላል?"

"አይመስለኝም።"

ሚልክያስ አራት እርምጃ ሄደ፣ አራት እርምጃ ተመለሰ። ደረቱ ውስጥ የሚቧጭረው እየደከመ፣ እየራቀ ነበር። አንድ ጊዜ ጨርሶ ጠፋ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሚልክያስ በጣቱ ደረቱን መታ ለማድረግ እጁን አነሳ፤ የሚሰማውን ድምፅ ፈራና መልሶ አወረደው። ቆመ። የሸሚዙን ቁልፎች ፈታ።

"ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

የራሱ ድምፅ ነበር። ግን የሶዶ ለዛ ያለው፣ እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ከምላሱ ሲያጥበው የኖረው ድምፅ ነው። ሚልክያስ ወደ ነስሩ ዞረ።

"ግባ ነው ወይስ ውጣ የሚባለው?"

ነስሩ አሰበበት። "ና በለው። ና ለሁለቱም ይሆናል።"

"ና" አለ ሚልክያስ።

ደረቱ አልተከፈተም፤ ደምም አልፈሰሰም። የክፍሉ አየር፣ ሰው ጠጋ በሉልኝ ብሎ ሲገባ እንደሚሆነው፣ ትንሽ ጠበበ። ሲሚንቶው ላይ፣ ከሚልክያስ እግር ፊት ለፊት፣ የእርጥብ ባዶ እግር አሻራ ታየ። ከዚያ ሁለተኛው። አሻራው ወደ ፍራሹ ሄደ። ነስሩ ተነስቶ መንገድ ለቀቀ። ብርድ ልብሱ ተገለጠ፤ ፍራሹ በሰው ልክ ሰረጎደ፤ ብርድ ልብሱ ተመልሶ ተሳበ። ወዲያው የእንቅልፍ ትንፋሽ ተሰማ።

"ደክሞታል" አለ ነስሩ በሹክሹክታ።

ሁለት ቀን ከምናምን ተኛ። እነሱ በእግር ጣታቸው እየሄዱ፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፈው ጎን ለጎን ያድሩ ነበር። ሚልክያስንም በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ወሰደው። ሰኞ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆሙ።

"ማነው እንዲህ የሚያንኮራፋው?"

"እንግዳ ነው እትዬ።"

"ከየት?"

"ከአገር ቤት።"

"እንግዳ እንዲህ ጦሙን ያድራል? ሽሮ አምጥቼለታለሁ፣ ሲነሳ ስጡት።" እንግዳው ሲነሳ ያየው የለም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሳህኑን ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኙት።

በዚያው ማክሰኞ የሚልክያስ እናት ከሶዶ ደወለች።

"የልጅቷ ቤተሰቦች እስከ መስከረም እንጠብቃለን ብለዋል" አለች።

"አይጠብቁ፣ እማዬ።"

"ምን ሆነህ?"

"ምንም አልሆንኩም። ሰው በከንቱ እንዳይጠብቀኝ ነው።"

 የተኛው ሰው ትንፋሽ ስልኩ ውስጥ ገባ።

"አጠገብህ የተኛው ማነው?" አለች እናቱ።

ሚልክያስ ፍራሹን አየ። "እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

 "አልብሰው" አለች እናቱ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። "ብርድ ነው።" ከዚያ ዘጋችው።

ሚልክያስ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው፣ ትከሻ መሆን በሚገባው ቦታ ድረስ፣ ሳበለት።  መንገድ ለመንገድ መሮጥ አማረው፤ እግሮቹ ገና አላረፉም። አልሄደም።

"ነስሩ።"

"ወይ።"

"ዜጋ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ሥራው ሌላ ነገር ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"አንተ ደግሞ..." አለና አቆመ። ነስሩ ድንች መላጡን አቁሞ ጠበቀ። ቢላዋው ላይ ያለው ልጣጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። "አንተ ደግሞ ሥራ አይደለህም።"

ነስሩ ልጣጩን ከቢላዋው ላይ አነሳ። ሌላ ድንች ፈለገ፤ ድንቹ ግን አልቋል። የተላጠውን አንስቶ እንደገና ይልጠው ጀመር።

ረቡዕ ጠዋት ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ ፍራሹ ተነጥፎ ነበር። ዝናቡ አቁሟል። ሁለቱ ወደ ጤና ጣቢያው በእግራቸው ወጡ። መንገዱ ለቱቦ ተቆፍሮ ስለነበር ከአጥር አጥር ጭቃ ነው። ሚልክያስ በቀኝ፣ ነስሩ በግራ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተዋል። በዚያ ቦታ የባዶ እግር ኮቴ ጭቃው ላይ እየታተመ እኩላቸው ይሄዳል።  ነስሩ ወደ መሐሉ አይቶ "ጫማ ይገዛለታል" አለ።

ከጤና ጣቢያው በፊት ባለው ቁልቁለት ላይ ሚልክያስ የሆነ ድምፅ ተሰማው፤ ጭቃ ከእግር ሲላቀቅ የሚያሰማው ዓይነት፣ ግን የብዙ እግር። ዞረ።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። በሁለቱም በኩል የግቢ በሮች ሁሉ እንደተዘጉ ናቸው። ከየበሩ ሥር ግን፣ ከአረንጓዴው ቆርቆሮ በር፣ አዲስ ቀለም ከተቀባው የብረት በር፣ ባንዲራ ከተሰቀለበት የመሥሪያ ቤት በር፣ እንደ እንግዳቸው ያሉ የባዶ እግር ኮቴዎች እየወጡ ጭቃው ላይ አንድ በአንድ ይታተሙ ነበር። አንዳንዱ ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ የሽማግሌ ይመስላል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል። ወደ መንገዱ መሐል እየመጡ ከፊተኞቹ ኋላ ይሰለፋሉ።

ሚልክያስና ነስሩ ቆሙ። ኮቴዎቹም ቆሙ፣ ጣቶቻቸው ሁሉ ወደ ፊት። በእያንዳንዱ ጣት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ ሞላ።